ፍሬው የተለቀመ አስተናግር

የዳባ ዓይኖች አልከደን ብለው ነበር። ሴቶቹ በየተራ እየቀረቡ የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ቢስቡትም ተመልሶ ይገለጣል። ብሌኑ ሰፍቶ ሰፍቶ የዓይኑን ቀለም ውጦታል። ከንፈሩ ደግሞ ውሃ ሳይቀምስ በረሃ ያቋረጠ ሰው ይመስል ተሰነጣጥቋል። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለው ግቢ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ኢንስፔክተር ሰብሪያ ከአልጋው አጠገብ ቆማ እነዚህን ሁለት ነገሮች ልብ አለች።

ውጭ፣ ግቢውን የሞላው ሰው ማልቀሱን ትቶ ፍርድ ይሰጥ ነበር።

«ባሏን ቀበረች፤ አሁን ደግሞ አማቷን!»

«መርዝ አብልታው ነው! ምን ትጠብቃላችሁ?»

የሚሉት ሌሊሴን ነው። ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። የዳባ ልጅ ያደሳ ሚስት ነበረች፤ ያደሳ ሲሞት ዳባ «ልጄ አንቺ ነሽ፣ የትም አትሄጂም» ብሎ አስቀራት። ከአውቶቡስ ሾፌርነት ጡረታ ወጥቶ የጀመረውን የጥንቸል እርባታም አብረው ይሠሩ ነበር። የአረሙን ነገር ያስተማራት እሱ ነው። ከአጥር ሥር የበቀለውን እየቀጠፈ፣ ይሄ ይበላል፣ ይሄ አይበላም፣ ይሄ ትንሽ ብቻ እያለ። አሁን ያንኑ እውቀቷን ሰፈሩ እንደ ገመድ አንገቷ ላይ ሊያጠልቀው ነው። ከእሱ ሌላ ዘመድ አልነበራትም፤ ከዚህ ግቢ ከወጣች የምትሄደው ወደ ወህኒ ነው።

«መርዝ ነው ያለው ማነው?» አለች ሰብሪያ ድምጿን ሳታነሳ።

«እኔ ነኝ ኢንስፔክተር። ይምጡ ላሳይዎት።» ኮፍያውን አውልቆ የቀረበው አየለ ነበር፤ ማዞሪያው ላይ ጎሚስታ ያለው፣ የሰፈሩ ሴቶች ተደራጅተው ያቋቋሙት የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር ሰብሳቢ። ወደ ጓሮ መራት። ከቆርቆሮና ከሽቦ በተሠሩት የጥንቸል ቤቶች በአንደኛው ወለል ላይ፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ የሚከረፋ አረንጓዴ ተክል ተጋድሟል።

«አስተናግር ነው» አለ አየለ። «ጠዋት ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይሄን ለጥንቸሎቹ ሰጠች፣ ከነሱ አንዱን አርዳ ለሽማግሌው ሠራችለት። መርዙ በሥጋው አልፎ ገደለው። ትናንት ማታ ብቅ ስል ድስት ጥዳ የጥንቸል ሥጋ ስታማስል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«የጥንቸል ሥጋ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ሸቶኝ ነዋ!»

«እርስዎ ይበላሉ?»

«ኧረ በማርያም! ኦርቶዶክስ ነኝ እኮ። ድስቱንም አልነካም።»

«የማኅበሩ ሰብሳቢ ግን ነዎት።»

«ሰብሳቢ ለመሆን መብላት አያስፈልግም» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ሰብሪያ አልሳቀችም። ተንበርክካ ተክሉን በብዕሯ ጫፍ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ከነሥሩ የተነቀለ ነው፤ በሥሩ ላይ ከተጣበቀው ጥቁር አፈር ውስጥ የላስቲክ ብጣሽና የጠርሙስ ስባሪ ይታያል። አንድም ቅጠሉ አልተነከሰም። ከበላዩ በሽቦ በተሰቀለው መኖ ማስቀመጫ ላይ ግን የጠወለገ ጎርጠብና ሰርዶ ተንጠልጥሏል፤ ጥንቸሎቹ እሱን በእርጋታ ይቆረጥማሉ። የአስተናግሩን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ አየች። እሾሃሙ ፍሬ በሚያርፍባቸው መጋጠሚያዎች ላይ አጫጭር አንገቶች ብቻ ቀርተዋል። ፍሬ የለም። ወለሉ ላይም የፍሬ ልጣጭ የለም።

«ማንም እንዳይነካው» አለችና ተነሳች።

* * *

ሌሊሴን ለብቻዋ ወደ ማድ ቤት ጠራቻት።

«መቼ ነው የታመመው?»

«ትናንት ከእራት በኋላ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ‹አፌ ደረቀ› አለኝ። ከዚያ ከአየር ላይ ክር እንደሚለቅም ሰው እጁን ማወራጨት ጀመረ። ቀጥሎ ያደሳን ይጠራው ጀመር። ‹ኮቱ ያደሳ፣ ና ልጄ፣ ኮቱ› ይላል። የሞተውን ልጁን!»

«ሆስፒታል ለምን አልተወሰደም?»

ሌሊሴ ቀና አለች። ፊቷ ላይ እንባ አልነበረም፤ ከእንባ የከፋ ነገር ነበር። «እኔን ነው የሚጠይቁኝ? እነሱን ይጠይቋቸው! እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ። ‹ዘነበወርቅ እኮ ቅርብ ነው፣ እባካችሁ› ብያለሁ። ‹የሐኪም አይደለም፣ መንፈስ ነው› አሉኝ፤ ጠበል አስመጡ። ጋሽ አየለ ‹መኪናዬ ነዳጅ የለውም› አለ። ታክሲ ልጠራ ስወጣ በሩ ላይ ያዙኝ። ‹እሷንም ለከፋት› እያሉ። ቆመው አዩት። ሊነጋጋ ሲል እስኪሞት ድረስ ቆመው አዩት።»

«ምን በላ?»

«ሽሮ። ሁላችንም ሽሮ በላን።»

«ሌላስ?»

«ሳል ይዞት ነበር፤ ጥቁር አዝሙድ በማር ይልሳል። ትናንት ቀን ሰው ያመጣለት ነው። እኔ አጨዳ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ‹ሰው ሲታረቅ ደስ ይላል› አለኝ እንጂ ማን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩት።»

«ዕቃው የት አለ?»

«አልጋው ሥር።»

«ለጥንቸሎቹ ስታጭጂ እንዴት ነው የምትሠሪው?»

«በማጭድ። ሥሩን አልነቅልም፣ መልሶ እንዲያቆጠቁጥ። ጥላ ላይ ዘርግቼ አጠወልገዋለሁ፤ እርጥቡ ሆዳቸውን ይነፋዋል። ከዚያ እሰቅልላቸዋለሁ። መሬት ላይ ከጣልኩት ይሸኑበትና ይተዉታል።» ድንገት ድምጿ ከፍ አለ። «አስተናግር እዚህ ግቢ ውስጥ በቅሎ አያውቅም! አባባ ቡቃያውን ሲያይ እንኳ እንደ እባብ ነበር የሚያሳድደው!»

* * *

የሺእመቤት የዳባ ሟች ሚስት ታላቅ እኅት ናቸው፤ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖራሉ።

«እትዬ የሺእመቤት፣ ጥንቸሎቹን ይወዷቸዋል?»

«እኔ? ጆሮ የበቀለላቸው አይጦች! እግዜር ይይልኝ።»

«ዳባንስ?»

ሴትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ። «ጴንጤ ሆንክ ብዬ ስንት ተናግሬዋለሁ፣ ልጄ። አንድም ቀን ክፉ አልመለሰልኝም። ማድ ቤታችን አንድ ነው። እሮብና ዓርብ በዚያ ማድ ቤት ሥጋ ተጥዶ አያውቅም። ‹የሺ ስትጾም ሽታው ያስቸግራታል› ይላል። ለውጭ ሰው ግን አያወራውም፤ የቸርቹ ሰዎች ጾመኛ ሆነ ብለው እንዳይስቁበት።»

«ጠበል ያመጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «አየለ የሐኪም ነገር አይደለም ሲለኝ አመንኩት።»

ልጃቸው ጆሲ ከበሩ ላይ ሰማቸው። ሚኒባስ ይነዳል፤ ግቢውን ለመኪና እጥበት እንዲሰጠው ዳባን ይጨቀጭቅ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰብሪያም ሰምታለች።

«አዎ ጨቅጭቄዋለሁ» አለ ጆሲ ሳይጠየቅ። «‹ጥንቸሎቼን የት ላድርጋቸው፣ ሚኒባስህ ውስጥ ላሳፍራቸው?› አለኝ። ሳቅን፣ አለቀ። በዚህ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«እሮብ ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሽሮዬን በልቼ ወደ ሥራ ወጣሁ። እሮብ እዚህ ቤት ሌላ ምን ይጠበቃል?» የመኪናውን ቁልፍ ጨበጠ። «ብቆይ ኖሮ በሚኒባሴ እወስደው ነበር። ያ አየለ የሚባል ሰውዬ ነዳጅ የለኝም አለ አሉ። ዛሬ ጠዋት የለቅሶውን ድንኳን በፒካፑ ጭኖ ያመጣው ማን ነው? ነዳጁ ሌሊት በቀለ?»

ሰብሪያ በሩ ላይ ወደቆመው ፒካፕ ዞር ብላ አየች።

የቀረችው ሜቲ ነበረች፤ የማኅበሩ አባል። ባለፈው ሳምንት ጥንቸሎቿ በሙሉ አልቀውባት ዳባን በመንገድ ላይ ጮሃ አዋርዳዋለች። «አንተ ያስተማርከኝ አረም ጨረሳቸው!» ስትለው ሰፈሩ ሰምቷል።

«ተጣልተሽው ነበር» አለች ሰብሪያ።

«ታርቀናል። ማክሰኞ መጥቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። የገዛሁትን የመኖ እስር ይዤለት መጣሁ፤ ፈታትቶ አሳየኝ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም።»

«ለዕርቁ ምን አመጣሽለት? ማር?»

«ማር? ማር የት አግኝቼ! ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። እንዲያውም እሱ ነው ምሳ ያበላኝ።»

«ጥፋቱ የሱ ካልሆነ የማን ነው?»

ሜቲ አየለ ወደተቀመጠበት ድንኳን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «ቅዳሜ በሣልስቱ ሴቶቹ ሁሉ ይመጣሉ። ብቻዬን ከተናገርኩ ከማኅበር ያስወጣኛል። እነሱ ባሉበት ይጠይቁኝ።»

* * *

ዓርብ ዳባ ተቀበረ። ቅዳሜ ጠዋት የምርመራው ውጤት በሰብሪያ እጅ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና የማኅበሩ ሴቶች ተቀምጠዋል። ሌሊሴ ብቻዋን ጥግ ላይ ናት፤ በግራም በቀኝም ያለው አግዳሚ ባዶ ነው። ከገዳይ አጠገብ ማን ይቀመጣል?

ሰብሪያ መሀል ላይ ቆመች።

«ዳባ የሞተው በአስተናግር ነው። ይህን ሐኪሙ አረጋግጧል። እናንተ ደግሞ ሐኪም ሳትጠብቁ ገዳዩን አግኝታችኋል፤ አይደል?»

«አግኝተናል!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«እንግዲያው ስሙኝ። በጥንቸሉ ቤት የተገኘው አስተናግር ከነሥሩ የተነቀለ ነው። ሌሊሴ አትነቅልም፣ ታጭዳለች። እርጥብ ነበር፤ እሷ ሳታጠወልግ አትሰጥም። መሬት ላይ ተጥሏል፤ እሷ ትሰቅላለች። አጠገቡ የተሰቀለውን መኖዋን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ያንን ተክል እዚያ የጣለው ጥንቸል መግቦ የማያውቅ ሰው ነው። ጥንቸሎቹም አንዲት ቅጠል አልነኩለትም።»

«ረስታ ይሆናል ኢንስፔክተር» አለ አየለ። «ሰው ይሳሳታል።»

«ይሳሳታል፣ ልክ ነዎት። ወደሱ እመጣለሁ። ተክሉ ፍሬ አልነበረውም። ፍሬው የነበረበት ቦታ ግን አለ። ጥንቸል ቅጠሉን ትቶ እሾሃም ፍሬ ለቅሞ፣ ልጣጩንም ደብቆ አያውቅም። ፍሬውን የለቀመው የሰው እጅ ነው። ለምን? ዘሩን ፈልጎ። ዘሩ የት ገባ?» ከኪሷ በላስቲክ የታሸገ ትንሽ ብርጭቆ አወጣች። «እዚህ ውስጥ። ለሳሉ የሚልሰው ጥቁር አዝሙድ በማር። ጥቁር አዝሙድ ራሱ ይመራል፣ ራሱም ጥቁር ነው፤ የተወቀጠ የአስተናግር ዘር ቢቀላቀልበት ማን ያውቃል? ዳባ አረም ያውቅ ነበር። ከአጥር ሥር ቢሆን ኖሮ ከሩቅ ይለየው ነበር። በማር ተለውሶ፣ ዕርቅ ተብሎ ሲሰጠው ግን አላወቀውም።»

ሰብሪያ ብርጭቆውን ወደ ኪሷ መለሰች።

«ቅጠሉን ወደ ጥንቸል ቤት የወረወረው ሰው ምን አስቦ ነው? ሽማግሌው ሥጋ በልቶ ነው የሞተው እንድንል። ግን ቀኑ ምን ነበር? እሮብ። በዚህ ግቢ እሮብ ሥጋ አይጣድም። ዳባ ጴንጤ ነው፤ ቢሆንም እኚህ እናት ስለሚጾሙ በጋራ ማድ ቤታቸው ሥጋ አያስገባም ነበር። ሌሊሴ ይህን ታውቃለች። እትዬ የሺእመቤት ያውቃሉ። ጆሲም ያውቃል፤ ሽሮውን በልቶ ነው የወጣው። ከነሱ አንዱ ቢሆን ኖሮ ይህን ተረት አይፈጥርም ነበር። ተረቱን የፈጠረው፣ ‹ጴንጤ አይደል? እሮብም ዓርብም ይበላል› ብሎ ያሰበ የውጭ ሰው ነው።»

የሺእመቤት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«የውጭ ሰው ሁለት አለ። ሜቲና አቶ አየለ። ዳባ ማሩን እየላሰ ‹ሰው ሲታረቅ ደስ ይላል› ብሏል። ሜቲ ማክሰኞ፣ ባዶ እጇን ታርቃዋለች። ማሩ የመጣው እሮብ ነው። እሮብ ቀን ከዳባ ጋር የሚታረቅ ጠብ የነበረው ማን ነው? ሜቲ፣ አሁን ተናገሪ።»

ሜቲ ተነሳች።

«ማኅበሩ ከአየለ ሌላ መኖ እንዳንገዛ ከልክሎናል። እስሩን ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው ዳር ነው የሚያሳጭደው፤ ምን እንዳለበት አያይም፣ አያሳይም። ማክሰኞ ጋሽ ዳባ ፈትቶ ዘረጋልኝ። ‹ይሄ ማገጥ ነው፣ ጥሩ ነው። ይሄ ጨጎጎት ነው፣ ይበሉታል። ይሄ ግን የጉሎ ቅጠል ነው። ይሄ እንዶድ ነው፤ ሁለቱም ይገድላሉ። ማን ነው ይሄን ከትፎ የከተተበት?› አለኝ። ‹ቅዳሜ ሴቶቹን ሰብስቢልኝ፣ እስሩን ፊታቸው እፈታዋለሁ› አለ። እኔ ምላሴ አያርፍ! ሄጄ ጎሚስታው በር ላይ ‹ቅዳሜ ጉድህ ይፈላል አየለ!› አልኩት።»

«ውሸቷን ነው!» አየለ ብድግ አለ። «ጥንቸሏ የሞተባት እሷ ናት! ቂም የያዘችው እሷ ናት!»

«ቁጭ ይበሉ» አለች ሰብሪያ። «‹በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ› ያሉት እርስዎ ነዎት። እሮብ ማታ፣ እዚያ ማድ ቤት፣ የጥንቸል ሥጋ ሲማሰል። ያልተጣደ ድስት እንዴት ይሸታል? ያንን ሥጋ ያዩት በሐሳብዎ ብቻ ነው። ሥሩ ላይ የቆሼ ላስቲክና ጠርሙስ የተጣበቀበትን አስተናግር ‹ያገኙትም› እርስዎ ነዎት፤ ሰው ሁሉ የሚሞተውን ከቦ ሲያይ ወደ ጓሮ ማን ይሄዳል? ‹የሐኪም አይደለም› ያሉትም እርስዎ ነዎት። በሽተኛ ለመጫን ነዳጅ ያልነበረው መኪና፣ ሲነጋ ድንኳን ለመጫን ነዳጅ አገኘ። የለቅሶውን ድንኳን ዳባ ገና በሕይወት እያለ አስበውለት ነበር።»

በዚህ ጊዜ ለፍተሻ የላከችው ሳጅን ሀምዱ ከረጢት ይዞ ከመንገድ ገባ። ከጎሚስታው ጓሮ፣ ከአሮጌ ጎማዎች ሥር የመጣ ነው። ሰብሪያ ከፈተችው፤ የተሰነጠቁ እሾሃም ልጣጮች። ከታች ሙቀጫ አለ፣ ጥቁር ዱቄት የተጣበቀበት።

አየለ ኮፍያውን በእጁ ጨመደደው። «ለአረም ብሎ ሊያዋርደኝ ነበር» አለ። «ያን ሁሉ ዓመት ያቆምኩትን ስም፣ በሴቶች ፊት፣ ለአረም! ለጥንቸል!»

«ለአረም?» ሜቲ ፊቱ ድረስ ሄደች። «ጥንቸሎቼ ያለቁ ቀን ልጄን ከትምህርት ቤት አስወጣሁ። አንተ አረም ትለዋለህ። ጋሽ ዳባ እኛን ሰው ብሎ ነው የቆመልን፤ አንተ ለስምህ ብለህ እንደ አይጥ ገደልከው!» ሴቶቹ ሁሉ ተነሱ። ሳጅን ሀምዱ ቶሎ ባይጎትተው ኖሮ አየለ ከድንኳኑ በእግሩ ባልወጣ ነበር።

ጫጫታው ሲበርድ ጎረቤቶቹ ወደ ሌሊሴ ዞሩ። የቅድሙ አፍ ሁሉ አሁን ማር ሆኗል።

«አይዞሽ ልጄ።»

«እኛማ ድሮም አላመንንም ነበር።»

«እግዚአብሔር አወጣሽ።»

እጃቸውን ዘረጉላት። ሌሊሴ አንዱንም አልያዘችም። ወደ ሰብሪያ ዞረች።

«ሐኪሙ ምን አለ? ማታውኑ ብንወስደው ኖሮ?»

ሰብሪያ ይህን ጥያቄ እየጠበቀች ነበር፤ እንዳይመጣም ትመኝ ነበር። «ለዚህ መድኃኒት አለው። በጊዜ ቢደርስ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነበር ብሏል።»

«እንግዲያው አየለን ብቻ ነው የሚወስዱት?»

«ሕጉ የሚደርሰው እሱ ላይ ነው፣ ሌሊሴ።»

«በሩን የዘጉብኝስ? እጄን የያዙኝስ? አፉ ደርቆ ውሃ ሲለምን ‹ጋኔኑ ነው የሚጠይቀው፣ አትስጡት› ያሉትስ?» ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ዓይኗን የቻለ ሰው አልነበረም። «አየለ መርዝ ሰጠው። እናንተ ጊዜውን ሰጣችሁት። ይሄ የኔ አባት ለቅሶ ነው። ውጡልኝ።»

«ሌሊሴ፣ ለቅሶ ላይ እንዲህ አይባልም…»

«ውጡ!»

ወጡ። እየተገፋፉ፣ እያጉረመረሙ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወጡ። የማኅበሩ ሴቶች በሩ ላይ ቆሙ። ሰብሪያም ብርጭቆዋን ይዛ ወደ መኪናዋ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ የሺእመቤት ብቻ ቀሩ። ከአግዳሚው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ነጠላቸውን ጨብጠው ቀስ ብለው ጠየቁ።

«እኔም ልጄ?»

ሌሊሴ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«እርስዎም ይውጡ» አለች። «ነገ ይመለሱ። ዛሬ ግን ይውጡ።»